ቪኒየርና ክራውን ከተገጠመ በኋላ መንጋጭላ ሲያም፣ ጥርስ ሲፋጭ፦ መጀመሪያ ምን ይታይ?

የባሶና ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከጥር ሠርግ በፊት አዲስ አበባ ገብቶ የበለዘ ጥርሱን በቪኒየር (ጥርስ ፊት ላይ በሚለጠፍ ስስ ሽፋን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሸክላ) ያሸፈነ፣ የተሰበረውን በክራውን (ጥርሱን ሙሉ በሚያለብስ ቆብ) ያስጠገነ ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ደብረ ብርሃን ላይ «መንጋጭላዬን አመመኝ፤ ሌሊት ጥርስህን ታፋጫለህ ይሉኛል» ብሎ ይመጣል። የሚያገኘው መልስ እንደ ባለሙያው ነው። አንዱ «ይለመዳል» ብሎ ይሸኘዋል፣ አንዱ ደህናውን ጥርስ ይሞርድለታል፣ አንዱ ደግሞ አሞክሳሲሊን ይጽፍለታል። ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳዩ ጋር አይገናኙም።

ሕመሙ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ከመንካት በፊት መጠየቅ ይቀድማል። አንድ ጥርስ ላይ ብቻ ሆኖ ሲነክሱ የሚወጋ ከሆነ ያ ጥርስ ከፍ ብሎ ተገጥሟል ማለት ነው፤ ቀድሞ ይመታል። ሲነክሱ ሳይሆን ሲለቁ ብልጭ የሚል ከሆነ ስንጥቅ ይጠርጠር። ቀዝቃዛ ውኃ ነክቶት ከግማሽ ደቂቃ በላይ የሚቆይ፣ ሌሊት እየጠዘጠዘ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ሲሞረድ የተቆጣ የጥርስ ነርቭ ነው፤ ያንን የትኛውም የመንጋጭላ እሽት አያድነውም። ጠዋት ሲነሱ ሁለቱም ጉንጭና የቅንድብ ጫፍ ጎን ድብን ብሎ የሚያም፣ ከቀትር በኋላ የሚቀል ሕመም የጡንቻ ነው። ከጆሮ ፊት ለፊት የሚወጋ፣ አፍ ሲከፈት «ቋ» የሚልና አገጭን ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ የመገጣጠሚያው ነው።

ስድስተኛ ዓይነትም አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የታችኛውን መንጋጋ ለማደንዘዝ ከኋላ በኩል መርፌ ተወግቶ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ አፍ አልከፈት ካለ መርፌው የነካው የውስጥ ጡንቻ ነው። ቪኒየሩ ጥፋት የለበትም።

የአፍ አከፋፈትን ለመለካት የራስን ሦስት ጣት (ጠቋሚ፣ መሐልና የቀለበት) አቁሞ በፊት ጥርሶች መካከል ማስገባት ነው። ጤነኛ አፍ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ከ35 በታች ሲሆን ተይዟል እንላለን። ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት። በሚቀጥለው ሳምንት ተሻለው ወይ ባሰበት የምትሉት ያን አይታችሁ ነው።

---

ዚርኮን
ከጥርስ ላብራቶሪ ወገን ልጨምር። «ከፍ ብሏል» ሲባል ሰው የሚታይ ነገር ይመስለዋል። ጥርስ ከፀጉር የቀጠነ ትርፍ ያውቃል። ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ጤነኛ ጥርስ 20 ማይክሮን የማይሞላ ነገር በመሐሉ ሲገባ ይሰማዋል። ስለዚህ ታካሚው «የሆነ ነገር ቀድሞ ይገጥማል» ካለ ባለሙያው ባያየውም ታካሚው ልክ ነው።

ትርፉ ከየት ይመጣል? የአልጅኔት ልክ (እንደ ሊጥ ሆኖ የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበት) ሳይቀዳ ከቆየ ይኮማተራል፤ በአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጀሶ ካልተቀዳበት ሥራው ከመጀመሪያው ተበላሽቷል። የንክሻ ሰም ሲነከስ ታካሚው አገጩን ወደፊት ገፍቶ ከነከሰ ክራውኑ የሚሠራው በዚያ በተሳሳተ ግጥጥሞሽ ላይ ነው። ሲለጠፍም ሲሚንቶው መያዝ ከጀመረ በኋላ ከተገፋ ክራውኑ እስከ ታች ሳይቀመጥ ይደርቃል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ድንዛዜው ነው። ምላስና ከንፈር በድን ሆኖ በጀርባው የተኛ ሰው «ንከስ» ሲባል የት እንደሚነክስ አያውቅም። «እንዴት ነው?» ሲሉት «ጥሩ ነው» ይላል። አውቶቡስ ተሳፍሮ ሸኖ ወይም ጫጫ ላይ ድንዛዜው ሲለቀው ነው ጥርሱ ቀድሞ እንደሚመታ የሚገባው፤ ከዚያ ወዲያ 130 ኪሎ ሜትር ማን ይመለሳል።

የፊት ቪኒየር ሌላ ጣጣ አለው። ውፍረቱ ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሰው «ይቺ ቅጠል ምን ታመጣለች» ይላል። ለውጡ በውፍረቱ ሳይሆን በርዝመቱ ነው። የፊት ጥርስ ለፈገግታ ተብሎ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲረዝም አገጭ ወደፊትና ወደ ጎን የሚንሸራተትበት መንገድ ይለወጣል። ዝም ብሎ ሲነክስ ምንም የለውም፤ አገጩን ሲያንሸራትት ግን የታችኞቹ ጥርሶች ጫፉን ይመቱታል። ክራንቻው ላይ ከሆነ ደግሞ የጎን እንቅስቃሴው በሙሉ ይነካል።

---

መሐል ሜዳ
እንግዲያው ዋናው ምክንያት ንክሻ ነው ማለት ነዋ? ንክሻውን አስተካክሎ ማፋጨቱን ማቆም ይቻላል?

---

የባሶና ልጅ
መሐል ሜዳ፣ እዚህ ላይ እንዳንሸወድ። በእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨት የሚመነጨው ከአንጎል ነው። እንቅልፍ ለአፍታ ሲሳሳ ልብ ፈጠን ይላል፣ ቀጥሎ የማኘኪያ ጡንቻ ይሠራል። ንክሻ የማፋጨት እናት አይደለችም። ንክሻን ብቻ በማስተካከል የሌሊት ማፋጨት ይቆማል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ጠብቁ።

አብዛኛው «ከቪኒየር በኋላ ጀመረኝ» የሚል ሰው ከቪኒየር በፊትም ያፋጭ ነበር። ምልክቱን አፉ ውስጥ ፈልጉ። ያልተሸፈኑት የታች ጥርሶች ጫፍ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ጠፍጥፎ ያብለጨልጫል፣ የምላስ ጠርዝ የጥርስ ማኅተም አለበት፣ ጉንጭ ውስጥ በጥርስ መስመር ልክ ነጭ ክር ይታያል። እነዚህ በሦስት ሳምንት አይመጡም። ለውጡ ቀድሞ የራሱን ጥርስ ይፈጭ የነበረው አሁን ሸክላ እየፈጨ መሆኑ ነው፤ ድምፁም ጎላ፣ ጠርዙም ተሸረፈ።

ቀን ላይ ያለው መጭመቅ ግን ሌላ ነው። አዲስ ነገር አፍ ውስጥ ሲገባ ሰው ሳያስበው በምላሱና በጥርሱ ይፈትሸዋል፤ ሲገጥም ሲለቅ፣ ሲገጥም ሲለቅ ይውላል። ጡንቻውን የሚያደክመው ይኸኛው ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ካለ ይስተካከል፤ የሚስተካከለው ሕመሙንና ፍተሻውን ለመቀነስ እንጂ የሌሊቱን ማፋጨት ያድናል ተብሎ አይደለም።

«የወስፋት ነው» ለሚሉ እናቶችም፦ የሆድ ትል ካለ በምርመራ አይቶ ማከም ነው። የአዋቂ ጥርስ ስለተፋጨ ብቻ አልቤንዳዞል መዋጥ ግን መንጋጭላን አያሳርፍም።

---

ዚርኮን
ከፍ ያለ ቦታ እንዴት እንደሚፈተሽ እኔ ልጻፈው፤ በስንፍና የሚሠራው እሱ ነው።

ታካሚው ይቀመጥ፤ አይተኛ። ድንዛዜ የሌለበት ቀን ይሁን፣ ከተለጠፈ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው። ጥርሱ በጥጥና በአየር ይድረቅ፤ እርጥብ ሸክላ ላይ ቀለም አይያዝም። መጀመሪያ 40 ማይክሮን ሰማያዊ የቀለም ወረቀት ይገባና «ታ ታ ታ» አድርጎ ይምታ። ከዚያ ቀይ ወረቀት ገብቶ አገጩን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደፊት ያንሸራትት። ሰማያዊው የሚመታበትን፣ ቀዩ የሚንሸራተትበትን ያሳያል። 200 ማይክሮኑን ወፍራም ወረቀት ብቻ የሚጠቀም ሰው ሁሉንም ጥርስ ቀለም አድርጎት ምኑንም ሳያውቅ ይነሳል።

ምልክቱን ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ትልቁና ጥቁሩ ምልክት በጣም የሚመታ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተንሸራተተ ቀለም ነው። የሚፈለገው ትንሽ፣ መሐሉ ገርጣ ብሎ ዙሪያው ቀለበት የሠራው ነው። እዚያ ግፊቱ ቀለሙን ከመሐል ገፍቶ አውጥቶታል። ለማረጋገጥ 8 ማይክሮን የብረት ቅጠል አለች፤ በጥርሶቹ መሐል ተይዛ ሲጎትቷት በሁለቱም ጎን እኩል መያዝ አለባት። በክራውኑ ተይዛ ጎረቤት ጥርስ ላይ ሾልካ ከወጣች ክራውኑ ጎረቤቱን ሥራ አስፈትቶታል።

የሚሞረደው አዲሱ ሥራ ብቻ ነው። በደቃቅ አልማዝ፣ ውኃ እየተረጨበት፣ በስሱ እየነኩ፤ ውኃ ከሌለ ሸክላው ግሎ ይሰነጠቃል። ከተሞረደ በኋላ ሦስት ደረጃ ባላቸው የጎማ ማለስለሻዎች፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው፣ በመጨረሻ በአልማዝ ቅባት ይወለወላል። ይቺን የሚዘሏት ብዙ ናቸው! ተሞርዶ ያልተወለወለ ዚርኮኒያ (ጠንካራው የክራውን ሸክላ) አሸዋ ወረቀት ነው፤ ተቃራኒውን የተፈጥሮ ጥርስ ይበላዋል። በጥፍር ወይም በምላስ ሲነካ ከሻከረ አልተጠናቀቀም፤ «ይለስልስልኝ» ማለት የታካሚው መብት ነው።

---

ጣርማ በር
የፊዚዮቴራፒ ሰው ነኝ። በአማርኛችን «ጥርስህን ነክሰህ ቻለው» ይባላል፤ ለዚህ በሽታ ከዚህ የከፋ ምክር የለም።

ጥርስ ከጥርስ ጋር የሚገናኘው ሲታኘክና ሲዋጥ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት እንኳ በወጉ አይሞላም። በቀረው ጊዜ ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ለቀቅ፣ ምላስ ላንቃ ላይ። ምላስ የት ትቀመጥ ለማለት «ን» በሉና እዚያው ተዉዋት፤ ከላይ የፊት ጥርሶች በስተኋላ ያለው ቦታ ነው። «ን» እያሉ ጥርስን መጭመቅ አይቻልም፤ ሞክሩት።

መልመጃው ይኸው ነው። ምላስ «ን» ላይ እንዳለች፣ ሳትለቅ፣ አፍን መክፈት። ምላስ ልትለቅ ስትል ማቆም። ስድስት ጊዜ፣ በቀን ስድስት ዙር። በግድ አይከፈት፣ «ቋ» ካለም መለስ ማለት ነው። ሙቀት ደግሞ፦ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሮ ጨምቆ፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ ጉንጭ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ሰው ትከሻውን ሰብስቦ፣ አገጩን ጋቢ ውስጥ ቀብሮ፣ ጥርሱን ገጥሞ ነው የሚወጣው። አንገትና መንጋጭላ አብረው ይጨመቃሉ፤ እዚያ ሰዓት ላይ «ን» ማለትን የሚያስታውስ ነገር ስልክ ላይ ይለጠፍ።

በመርፌ ምክንያት አፍ ለተያዘበት ሰው ደግሞ ከሙቀቱ በኋላ በየሦስት ሰዓቱ አምስት ደቂቃ በዝግታ መዘርጋት ነው። አብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይለቀዋል። ትኩሳት ካለ መልመጃ የለም፤ ወደ ሐኪም።

ምግብ ለሁለት ሳምንት ለስለስ ይበል። ለእኛ አገር ሰው ይህ ማለት ቆሎ ማቆም ነው፤ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ያው ገብስ ተፈጭቶ በሶ ሆኖ ይበጠበጣል፣ ገንፎ ሆኖ ይገነፋል። ድርቆሽ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ማስቲካ ይቅር። እንጀራ ሲጎረስ ጉርሻው ይነስ፤ ለአክብሮት ተብሎ የሚጎረሰው የቡጢ ያህል ጉርሻ መንጋጭላን ሊቆልፍ ይችላል። ሲያዛጉ አገጭን በእጅ ደገፍ ማድረግ ነው።

---

ሞላሌ
ፋርማሲ ነው የምሠራው። አንቲባዮቲክ ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም ሥራ የለውም፤ እብጠት፣ መግልና ትኩሳት ሲኖር ብቻ፣ ያም በሐኪም። ለሕመሙ ጨጓራ፣ ኩላሊትና ልብ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ከምግብ በኋላ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። «ሲያመኝ ብቻ» እየተባለ የሚዋጠው ብግነቱን አያበርደውም። ነፍሰ ጡር፣ የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አይቡፕሮፌንም ዲክሎፌናክም አይውሰድ፤ ፓራሲታሞል ከ500 እስከ 1000 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳይበልጥ፤ ጉበት የታመመ ወይም ብዙ የሚጠጣ ሰው መጠኑን ሐኪም ይወስንለት።

ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን (የድብርት መድኃኒቶች) በአንዳንድ ሰው ማፋጨት ያመጣሉ ወይም ያብሳሉ። በራስ ውሳኔ አይቋረጡም፤ ለጻፈው ሐኪም ይነገራል። አረቄና ጠላ ማታ «እንቅልፍ ይሰጠኛል» ተብለው ይጠጣሉ፤ እንቅልፉን ይቆራርጡትና ማፋጨቱን ይጨምሩታል። ሦስተኛው የቡና ስኒ ከቀትር በኋላ ባይሆን ይሻላል። የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም የሚል ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያ የእንቅልፍ ትንፋሹ ይታይ።

---

ሸዋ ሮቢት ነርስ
ሰላም እህት ወንድሞቼ። ሁለት ጥያቄ። ቆላ ላይ ጫት ቃሚው ብዙ ነው፤ በቪኒየር ምን ይመከራል? ሁለተኛ፣ በፈላ ውኃ ነክረው የሚነክሱት፣ ሌሊት ጥርስ ላይ የሚለበስ ለስላሳ መከላከያ ከሱቅ ገዝተው የሚመጡ አሉ፤ ይጠቅማል ወይ?

---

የባሶና ልጅ
እህቴ፣ ጫቱ ላይ ሁለት ነገር ይደራረባል። በአንድ ጎን ለሰዓታት ማኘክ ያንን ጎን ያደክማል፤ ጫቱ ራሱ አነቃቂ ስለሆነ ማታ ጡንቻው አያርፍም። ሕመም ላይ ያለ ሰው ማቆም አለበት። አላቆምም ካለም እውነቱን ንገሪው፤ ኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው የሙሌት ዕቃ የተሠራ) ቪኒየር ይበልዝበታል፣ የሸክላው ደግሞ ጠርዙ ይሸረፋል።

ለስላሳው መከላከያ ለሁለት ሦስት ሳምንት ማቆያ ቢሆን ነው። ሰውን እንደ ማስቲካ እንዲነክሰው ስለሚጋብዝ የአንዳንዱን መጭመቅ ይጨምራል፤ ውፍረቱም እኩል አይደለም። ቪኒየር ላለው ሰው የሚሠራው በላብራቶሪ የተሠራ ጠንካራ አክሬሊክ (ፕላስቲክ) ነው፤ ሙሉውን የጥርስ ረድፍ የሚሸፍን፣ የመንጋጋ ጥርሶች ላይ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የወፈረ። የፊት ጥርስን ብቻ የሚሸፍኑ ትንንሾቹ አደገኛ ናቸው፤ ለወራት ሲለበሱ ያልተሸፈኑት ጥርሶች ይወጣሉ፣ ግጥጥሞሹ ይከፈታል።

ሲሠራ ልክ የሚወሰደው ቪኒየሩ ተለጥፎ፣ ከፍ ያለው ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ነው። አስቀድሞ የተሠራ አሮጌ መከላከያ ካለ አዲሱ ጥርስ ላይ በግድ አይገፋ፤ ቪኒየሩን ሊያነሳው ይችላል። አፍ ውስጥ ሲገባ ሳይወዛወዝ ጥብቅ ይበል፤ ሳያም። በቀለም ወረቀት ሲታይ ሁሉም ተቃራኒ ጥርስ እኩል ነጥብ ይተው፤ ወደ ጎን ሲንሸራተት የሚሸከመው ክራንቻው ብቻ ይሁን። ከአንድ ሳምንት ተኩል በኋላ ይታያል፣ ከዚያ በሦስት ወር፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ። ጠዋት ሲወልቅ ጥርስ ለጥቂት ደቂቃ ያልገጠመ ቢመስል ልክ ነው፤ ከሰዓት በላይ ከቆየ ግን አምጡት።

መከላከያው ማፋጨቱን አያጠፋም። የሚበላው ፕላስቲኩ እንጂ ጥርሱ እንዳይሆን ነው ሥራው። ዓመት ሁለት ዓመት ሄዶ ቢበሳ ሥራውን ሠርቷል፤ ሌላ ይሠራል።

---

መሐል ሜዳ
መቼ ነው ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሆስፒታል የሚኬደው?

---

ጣርማ በር
አፍ ተከፍቶ አልዘጋ ካለ፤ መገጣጠሚያው ወጥቷል። ቤት ውስጥ በጡጫ የሚመልስ አይጠራ፣ አገጩን በነጠላ ደግፎ መሄድ ነው። ፊት አብጦ ትኩሳት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ከከበደ፤ ያም የሰዓታት ጉዳይ ነው። ዳገት ሲወጡ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚተው የመንጋጭላ ሕመም ደረትና ክንድ ባይነካ እንኳ የልብ ሊሆን ይችላል፤ ቪኒየር ስላለው ብቻ ጥርስ ሐኪም ጋ አይላክ። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ አዲስ የራስ ምታት፣ ሲያኝክ የሚዝል መንጋጭላና የዓይን ብዥታ ከተገናኙ ያኑ ቀን።

ሳያም «ቋ» የሚል መገጣጠሚያ ብቻውን ግን አይታከምም። ተዉት።

---

ሸዋ ሮቢት ነርስ
«አስወልቄ የድሮ ጥርሴን ልመልስ» የሚሉስ?

---

ዚርኮን
የተሞረደ እናሜል ተመልሶ አያድግም። የተለጠፈ ቪኒየር በአልማዝ ተሞርዶ ነው የሚነሳው፤ ከሥሩ ያለው ጥርስ ሌላ ሽፋን ይፈልጋል። ስለዚህ ይህ ውሳኔ ቢያንስ ሦስት ወር ይቆይ፤ ከፍ ያለው ተስተካክሎ፣ መከላከያ ተለብሶ፣ መልመጃው ተሠርቶ። ጥሩው ጊዜ ከመለጠፉ በፊት ነበር። ገና ያላሠራ ሰው ካላችሁ፣ አዲሱ ርዝመት በጊዜያዊ ኮምፖዚት ተሠርቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ይኑርበት ብላችሁ ላኩት፤ መንጋጭላው ካልተቀበለው ኮምፖዚቱን ማሳጠር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከመጀመሪያው የሚያፋጭ መሆኑንም ለሠሪው ይንገር፤ ርዝመቱም የሸክላው ዓይነትም ይለወጣል። የዕቃውን ስምና የራጁን ቅጂ ይዞ ይመለስ፤ እዚህ የሚያስተካክልለት ሰው ኢማክስ ይሁን ዚርኮኒያ (ሁለቱ የሸክላ ዓይነቶች ናቸው) ሳያውቅ በምን ጎማ ይወልውለው?

---

የባሶና ልጅ
ቀጠሮውንም አብሮ ይያዝ። ዛሬ ተለጥፎ ዛሬ አይሳፈር፤ ቢያንስ አድሮ፣ ድንዛዜው ለቆት፣ ጠዋት እንጀራ በልቶ፣ ተቀምጦ ይታይና ይመለስ።

---

ሸዋ ሮቢት ነርስ
መከላከያውን በምን ይጠቡት? እዚህ መኪና ውስጥ ትተውት ተጣሞ ያመጡ አሉ።

---

የባሶና ልጅ
የቆላ መኪና ውስጥ አክሬሊክ ይቅርና ሌላም ይጣመማል። በቀዝቃዛ ውኃና በእጅ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ፤ የጥርስ ሳሙና ይጭረዋል፣ የፈላ ውኃ ያጣምመዋል። ቀዳዳ ባለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ በሶፍት ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ሰው ጠዋት ከቆሻሻ ጋር ይጥለዋል። የተጣመመውን በእሳት አሙቀው ለማቅናት እንዳይሞክሩ፤ ያንን ይዘው ይምጡ፣ ልክ እንደገና ይወሰዳል።